ስለ ክብደቴ ከሐኪም ጋር መነጋገርን እንዴት እንደተማርኩ

ይህን የምጽፈው ሐኪም ዘንድ ቀርበው ስለ ክብደታቸው በተነገራቸው ቃል አዝነው ወይም ተሸማቀው ወደ ሕክምና መመለስ ላቆሙ ሰዎች፣ በተለይም እንደ እኔ በሰው አገርና በሰው ቋንቋ ለሚታከሙ ወገኖቼ ነው። እኔ በዚሁ ምክንያት ሁለት ዓመት ያህል ከሕክምና ርቄ ነበር፤ በእነዚያ ዓመታት ውስጥም ቀድሞ ሊታወቅ ይገባው የነበረ ሌላ ሕመም ሳይታወቅ ቆየ። ዓመተ ምሕረቱን የምጽፈው በምኖርበት አገር፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።

ወደ ሜሪላንድ የመጣሁት በ2011 በዲቪ ነው። ያን ጊዜ 58 ኪሎ ነበርኩ፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው። በ2012 ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ለአራት ዓመት ያህል የሦስት ወሩን የእርግዝና መከላከያ መርፌ ወሰድኩ፤ መርፌውን ካቆምኩ በኋላ ደግሞ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ሥራ ያዝኩ። በ2019 ሚዛን ላይ ስወጣ 86 ኪሎ፣ እዚህ አገር በሚሠራበት መለኪያ 190 ፓውንድ ገደማ ሆኜ ነበር። ጭማሪው ቀስ በቀስ ስለ መጣ እንደ በሽታ አልቆጠርኩትም። አገር ቤት ስደውል ፎቶዬን ያየ ሁሉ «ተመችቶሻል፣ አምሮብሻል» ይለኝ ነበር። በእኛ ዘንድ መክሳት የችግር ወይም የሕመም ምልክት፣ መወፈር ደግሞ የድሎት ምልክት ሆኖ ስለኖረ፣ ከስቶ ለመጣ ሰው «ምን ሆነህ ነው?» እንላለን እንጂ ወፍሮ ለመጣ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ አናነሣም። ይህን የምጠቅሰው፣ ከዚህ ዓይነት ቤት ወጥቶ ሐኪም ፊት ሲቀመጡ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል ምን ያህል እንግዳ እንደሚሆን ለማስረዳት ነው።

በ2019 መጀመሪያ ላይ ከፍተኛ ድካም ጀመረኝ። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፤ የወር አበባዬም ከወትሮው በዝቶ ከሰባት ቀን በላይ ይቆይ ነበር። ያን ጊዜ እከታተልበት ወደነበረው ክሊኒክ የሄድኩት ለዚህ ነው። አስተርጓሚ እንዳለ አላወቅኩም፣ የነገረኝም የለም፤ ስለዚህ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄን ይዤ ገባሁ። ሚዛን ላይ የወጣሁት የክረምት ካፖርቴንና ቦት ጫማዬን እንደለበስኩ ነበር። ሐኪሙ ኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ቁጥር አየና ገና ስለ ድካሜ ተናግሬ ሳልጨርስ አንድ ነገር ተናገረ። ልጄ ዝም አለች። «ምን አለ?» ብዬ ስጠይቃት መሬት መሬት እያየች፣ «እማዬ፣ በጣም ስለ ወፈርሽ ነው የሚደክምሽ ይላል» አለችኝ። ከዚያ አንድ ወረቀት ሰጠኝ፤ አጃ፣ የግሪክ እርጎ፣ የቱርክ ሥጋና ስሙን የማላውቀው ቅጠል የተዘረዘረበት ወረቀት ነው። ሆዴን አልነካም። ስለ ወር አበባዬ ልጄ እንድትነግረው ማድረግ ከበደኝና ሳልናገር ወጣሁ።

ያ ሐኪም ውሸት አልተናገረም። ክብደቴ ለጤናዬ የሚያሳስብ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር፤ ቆይቶ የተደረገው የደም ምርመራም ይህንኑ አረጋግጧል። ጉዳቱ የመጣው ክብደቴን የመጣሁበት ጥያቄ መልስ አድርጎ በመውሰዱና ጥያቄውን ራሱን በዚያው በመዝጋቱ ነው። የደከመው ሰው ወፍራም ሲሆን ድካሙ ሁሉ ከውፍረት ነው ተብሎ ከታሰበ፣ ቀጭን ታካሚ ተመሳሳይ ድካም ይዞ ቢመጣ ይታዘዝለት የነበረው የደም ምርመራ ለወፍራሙ ሳይታዘዝ ይቀራል ማለት ነው። በእኔ የሆነው ይኸው ነው። ጉልበቱን፣ ራሱን፣ ወይም ወገቡን አሞት የሄደ ብዙ ሰው ተመሳሳይ ነገር እንደ ገጠመው ከሥራ ባልደረቦቼ ሰምቻለሁ።

የልጄ ነገር ደግሞ ለብቻው ሊነሣ ይገባል። በሚቀጥለው ሳምንት እራት ላይ እንጀራዋን ግማሽ ትታ ስትነሣ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት፤ «እንዳልወፍር» አለችኝ። ለእኔ የተነገረኝ ቃል እርስዋንም አገኛት። ፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በሚሰጣቸው የሕክምና ተቋማት ውስጥ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ሕፃን ልጅን ማስተርጎም እንደማይፈቀድ፣ የሠለጠነ አስተርጓሚም ያለ ክፍያ ማቅረብ ግዴታቸው እንደሆነ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን ከሚያስተናግዳቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል። ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብላችሁ አስመዝግቡ፤ በዕለቱም ካልተዘጋጀ በስልክ እንዲያገናኙላችሁ ጠይቁ። ስለ ክብደት፣ ስለ ማሕፀን፣ ስለ ጭንቀት የሚደረግ ንግግር በልጅ አፍ የሚያልፍ ነገር አይደለም።

ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ሐኪም አልሄድኩም። የጡት ምርመራዬም የማሕፀን በር ምርመራዬም ጊዜያቸው አለፈ። ቀጠሮ ማስታወሻ ሲመጣልኝ «መጀመሪያ ትንሽ ልቀንስና ልሂድ» እል ነበር፤ ስላልቀነስኩም አልሄድኩም። የኮሮና ጊዜ መጣና ጥሩ ሰበብ ሆነልኝ። በ2021 መስከረም አንድ ሌሊት አንሶላ ይዤ ደረጃ ስወጣ ዓይኔ ጨለመና ግድግዳ ይዤ ተቀመጥኩ። የተረኛዋ ኃላፊ ነርስ የታችኛውን የዓይኔን ቆብ ገልበጥ አድርጋ አየችና፣ ውስጡ ነጭ እንደሆነና ደሜ የቀነሰ እንደሚመስላት ነግራኝ፣ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ካልሄድኩ ራስዋ እንደምትወስደኝ ተናገረች።

የሄድኩት ወደ ሌላ የቤተሰብ ሐኪም ነው፤ በስልክ አስተርጓሚ ጠይቄም ገባሁ። ከበሩ ጀምሮ ልዩነቱ ስለ ታወቀኝ በዝርዝር ልጻፈው። የምትመዝነኝ ነርስ በአስተርጓሚው በኩል፣ «ክብደትዎን ብንለካ ፈቃደኛ ነዎት? ቁጥሩን ማየት ካልፈለጉ ጀርባዎን ለሚዛኑ ሰጥተው መቆም ይችላሉ» አለችኝ። ካፖርቴንና ጫማዬን አወለቅኩ። የደም ግፊት ልትለካ ስትል የክንድ ማሰሪያውን አየችና ትልቁን አመጣች። በፊተኛው ክሊኒክ የላይኛው ግፊቴ 150 ነው ተብዬ ነበር፤ በዚያ ቀን 134 ሆነ። ልዩነቱ በሙሉ የማሰሪያው ነው አልልም፤ ሆኖም ለክንድ የሚጠብ ማሰሪያ ግፊትን ከእውነቱ ከፍ አድርጎ እንደሚያሳይ የታወቀ ነው፤ በ2023 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በጣም ትልቁ ማሰሪያ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በመደበኛው ሲለኩ የላይኛው ግፊታቸው በአማካይ በ20 ገደማ ከፍ ብሎ እንደሚታይ አሳይቷል። ይህ አንድን ሰው ሳያስፈልገው የግፊት መድኃኒት ሊያስጀምር የሚችል ልዩነት ነው። ክንዳችሁ ወፈር ያለ ከሆነ «ይህ ማሰሪያ ለክንዴ ልክ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሐኪሟ ስትገባ ከኮምፒዩተሩ በፊት እኔን አየችኝ፤ ተቀመጠችና «ዛሬ ምን አመጣዎት?» አለች። እስክጨርስ ሰማችኝ። ስለ ወር አበባዬ ያለ ምንም ሐፍረት ነገርኳት፤ በስልክ የነበረው አስተርጓሚ ወንድ ቢሆንም አነጋገሩ የሰለጠነና የተከበረ ስለ ነበር ቅር አላለኝም። ከዚያ አስተኝታ ሆዴን መረመረች። ከእምብርቴ በታች ጠንከር ያለ ነገር እጅዋ ላይ እንደ መጣ ነገረችኝ። የዚያን ቀን ምርመራ ሄሞግሎቢኔ 8.2 መሆኑን አሳየ፤ ለሴት ከ12 በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል። በአልትራሳውንድ ደግሞ ፋይብሮይድ የሚባለው፣ ካንሰር ያልሆነ የማሕፀን እጢ ተገኘ። የሚያደክመኝ በየወሩ የሚፈሰው ደም ነበር። ቦርጭ ነው ብዬ የምደብቀው ሆዴም በከፊል እጢው ኖሯል። የብረት መድኃኒት ጀመርኩ፤ እጢው በ2022 በቀዶ ሕክምና ተወገደልኝ። ስለ ቀዶ ሕክምናው ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ስለ ክብደቴ በዚያ ቀን የተናገረችው መጨረሻ ላይ፣ ልብሴን ከለበስኩ በኋላ ነው። «ለድካምዎ ምክንያት የሚሆነውን ለብቻው እናክማለን። ከዚያ ውጪ ስለ ክብደትዎም መነጋገር ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ፤ እርስዎስ? ፈቃደኛ ከሆኑ ለዚሁ ብቻ ሌላ ቀጠሮ እንይዛለን፤ ካልፈለጉ ደግሞ ሌላው ሕክምናዎ በዚህ ምክንያት አይጓደልም።» ፈቃድ ስትጠይቀኝ እንባዬ መጣ። እዚህ አገር የአንድ ቀጠሮ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ስለሆነ፣ ድካምንም ደም ማነስንም ክብደትንም በአንድ ላይ ለማንሣት መሞከር ለሁሉም በቂ ጊዜ እንደሚያሳጣ ገባኝ። ሐኪማችሁ በሌላ ሕመም ላይ እያላችሁ ክብደትን ካነሣ፣ «ስለ እርሱ መነጋገር እፈልጋለሁ፤ ዛሬ ግን የመጣሁት ለዚህ ነው፤ ለክብደቱ ሌላ ቀጠሮ ይያዝልኝ» ብላችሁ በትሕትና መመለስ ትችላላችሁ። እኔ አሁን ይህን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ በቃሌ አጥንቼዋለሁ።

ከዚህ ሌላ አንድ ጥያቄ አለ፤ ቀደም ብዬ ባውቀው ኖሮ ሁለት ዓመት ባልባከነብኝ። «ይኸው ሕመም ቀጭን ሰው ላይ ቢሆን ምን ምርመራ ያዝዙ ነበር? ለእኔም ያንኑ ቢያዙልኝ» የሚል ነው። በቁጣ ሳይሆን በእርጋታ ከተጠየቀ ሐኪሙን አያስቀይምም፤ ሐሳቡን ግን ወደ ሕመሙ ይመልሰዋል።

የክብደቱ ቀጠሮ በ2022 የጸደይ ወራት፣ ደሜ ከተስተካከለ በኋላ ሆነ። ያን ያህል የዘገየው በምክንያት ነው፤ የሦስት ወር አማካይ የስኳር መጠን የሚያሳየው ኤ ዋን ሲ የተባለው ምርመራ፣ ሰው በብረት እጥረት ደም ማነስ ሲይዘው ከእውነቱ ከፍ ብሎ ሊታይ ስለሚችል፣ ሐኪሟ ደሜ እስኪሞላ መጠበቅን መረጠች። ውጤቱ 6.1 ሆነ። ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው ቅድመ ስኳር፣ 6.5ና ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ የስኳር በሽታ ነው። በዚህ ጊዜ ነው ክብደቴ እውነተኛ የጤና ጉዳይ እንደሆነ ያለ ሐፍረት የተቀበልኩት፤ የመጀመሪያው ሐኪምም በዚህ ረገድ ያለው ትክክል እንደ ነበር ለራሴ የነገርኩት።

ቢኤምአይ የሚባለውን መለኪያም ያስረዳኝ ያ ቀጠሮ ነው። ክብደት በኪሎ ለቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው፤ የእኔ 33.6 ነበር። ከ25 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ 30ና ከዚያ በላይ ውፍረት ተብሎ ይመደባል። የስሌቱን መሠረት የጣለው ኬትሌ የተባለ ቤልጅጋዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ በ1830ዎቹ ሲሆን፣ እርሱ ያጠናው የብዙ ሰዎችን አማካይ እንጂ የአንድን ታካሚ ጤና አልነበረም። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበርም በ2023 ይህ ቁጥር ብቻውን የአንድን ሰው ጤና ለመመዘን እንደማይበቃ በአቋም ደረጃ አስታውቋል። ሐኪሜ የወገቤን ዙሪያ ለካች፤ ለሴቶች ከ88 ሳንቲሜትር በላይ ሲሆን ያሳስባል፣ የእኔ 99 ነበር። ቀጥላም የወሰድኳቸውን መድኃኒቶች ከዓመት ዓመት ጠየቀችኝ። የሦስት ወሩ መርፌ አንዳንድ ሴቶችን እንደሚያወፍር፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ኢንሱሊን፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕመምና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም እንዲሁ እንደሚያደርጉ የሰማሁት ያን ቀን ነው። መርፌውን አራት ዓመት ስወስድ ይህን የነገረኝ አልነበረም። መድኃኒት ወስዳችሁ ክብደት ከጨመራችሁ በራሳችሁ አታቁሙት፤ «ክብደት የማይጨምር ሌላ አማራጭ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስለ እንቅልፌም ጠየቀችኝ፤ የሌሊት ሠራተኛ መሆኔ፣ ቀን ከአምስት ሰዓት በላይ አለመተኛቴ የክብደቴ አንዱ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ስትነግረኝ፣ ለዓመታት በስንፍናዬ ብቻ ሳሳብበው የነበረ ነገር ትንሽ ቀለለኝ።

ከዚያ ምግብ ላይ ደረስን። «ትናንት የበሉትን ከጠዋት ጀምረው ይንገሩኝ» አለች። እንጀራና ሽሮ፣ በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዳቦ፣ በሥራ ላይ አራት አምስት ብርጭቆ ሻይ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ስኳር። እንጀራን አታውቀውም ነበር፤ አላውቅም ብላ ጠየቀችኝ እንጂ ተዪው አላለችኝም። «ወጡ ውስጥ ምን ያህል ዘይት ይገባል?» ስትል መልስ አጣሁ፤ እኛ ዘይት የምንጨምረው በእጃችን ግምት ነው። ቤት ገብቼ ለካሁት። ለሦስት ቀን የምሠራው አንድ ድስት ወጥ ውስጥ አንድ ኩባያ ተኩል ዘይት ይገባ ነበር። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ አንድ ኩባያ ደግሞ 16 የሾርባ ማንኪያ ይሆናል። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በጥቂት ውኃ አቁላልቼ፣ ዘይቱን መጨረሻ ላይ ግማሽ ኩባያ ብቻ ማድረግ ጀመርኩ። ቤተሰቡ ለውጡን የተናገረው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ልጄ ሽሮው ይበልጥ እንደ ጣፈጣት ነገረችኝ። ያ ከግሪክ እርጎው ወረቀት ያላገኘሁት ምክር ነው።

ስለ ጾም እኔው አነሣሁ። ረቡዕና ዓርብ፣ ዓቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን፣ ሌሎቹንም ስቆጥርላት ዓመቱን ግማሽ ያህል ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ እንደምርቅ ገባት። ጾም በራሱ ያቀጥናል ብዬ አስብ ነበር፤ እርስዋ ግን የጾም ወጤን ዘይትና ከሰዓት በኋላ ስፈታ የምበላውን መጠን ስትጠይቀኝ፣ በጾም ወራት እንዲያውም እንደምጨምር አስተዋልኩ። ምስሩን፣ ጎመኑንና ክኩን ከእንጀራው አብልጦ መብላት፣ ሲፈታ መጀመሪያ ንፍሮ መቅመስና ሻዩን ያለ ስኳር ማድረግ ላይ ተስማማን። የምትጾሙ ሰዎች ሐኪማችሁ ጾማችሁን አያውቅም ብላችሁ አስቡ። በተለይ የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ስንት ሰዓት እንደምትጾሙ ንገሩት፤ የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ከዚያ ጋር መስተካከል አለበት።

ሐኪሞች ስለ ክብደት ሲያነጋግሩ በቅደም ተከተል እንዲያደርጉ የሚማሩት ነገር እንዳለ ከጊዜ በኋላ አነበብኩ፤ ፈቃድ መጠየቅ፣ ሁኔታውን መመርመር፣ መምከር፣ በግብ ላይ መስማማት፣ በመጨረሻም በተግባር ማገዝ። የመጀመሪያው ሐኪም ሦስተኛውን ብቻ፣ ያውም በአንድ ዓረፍተ ነገር አደረገ። የሚያሳዝነው፣ ታካሚዎች የሕክምና ማስታወሻቸውን ያለ ክፍያ በኢንተርኔት ማየት እንዲችሉ የሚያስገድደው ደንብ በ2021 ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የፊተኛውን ክሊኒክ መዝገቤን ከፍቼ ሳየው፣ «ስለ አመጋገብና ስለ እንቅስቃሴ ምክር ተሰጥቷታል» የሚል ተጽፎ አገኘሁ። ስለ ወር አበባዬ ምንም የለም። መዝገባችሁን አንብቡ፤ ስሕተት ካለበት እንዲታረም በጽሑፍ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

መጨረሻው፣ ማገዙ፣ ከሁሉ የሚበልጥ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሐኪሜ «ይቀንሱ» ብላ አላሰናበተችኝም። መከላከልን የሚመለከተው የአሜሪካ የባለሙያዎች ግብረ ኃይል በ2018 ቢኤምአያቸው 30ና ከዚያ በላይ የሆነ አዋቂዎች ሁሉ ጠንካራ ክትትል ወዳለበት የባሕርይ ለውጥ ፕሮግራም እንዲላኩ ሐኪሞችን አሳስቧል፤ በዚህ ምክንያትም አብዛኞቹ የግል ኢንሹራንሶች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሸፍኑታል። ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ ያላቸው፣ ቢኤምአያቸውም 30ና ከዚያ በላይ የሆነ ወላጆቻችንም ከ2011 ጀምሮ ከቤተሰብ ሐኪማቸው ጋር ስለ ክብደት ብቻ ተደጋጋሚ ቀጠሮ የማግኘት ሽፋን አላቸው፤ ይህን የሚያውቅ ወገን ጥቂት ነው። እኔ ቅድመ ስኳር ስለ ነበረብኝ ወደ ብሔራዊው የስኳር በሽታ መከላከያ ፕሮግራም ተላክሁ። የፕሮግራሙ መነሻ በ2002 የታተመ፣ 3,234 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ነው። በጥናቱ ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ድጋፍ የተደረገላቸው ሰዎች በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት የተሰጣቸው ደግሞ በ31 በመቶ። ሐኪሜ ሁለቱንም አማራጭ አቀረበችልኝና እኔ ፕሮግራሙን መረጥኩ።

7 በመቶ ለእኔ 6 ኪሎ ነበር። ይህን ስሰማ የተሰማኝን እፎይታ መግለጽ ይከብደኛል፤ ወደ 58 ኪሎ መመለስ አለብኝ ብዬ ስላሰብኩ እኮ ነበር ሳልጀምር የምደክመው። ለአንድ ዓመት፣ መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ በኋላም በየወሩ፣ ከሰዓት በኋላ ከእንቅልፌ ስነሣ በቪዲዮ እገናኝ ነበር። በሥራ ላይ በዕረፍት ሰዓቴ ኮሪደሩን መመላለስ ጀመርኩ። በዓመቱ 80 ኪሎ ሆንኩ፤ ኤ ዋን ሲ ወደ 5.6 ወረደ። ከዚያ በኋላ ሁለት ኪሎ መልሼ ጨምሬያለሁ። ይህን ለሐኪሜ ስነግራት እንዳፍር አላደረገችኝም፤ ሰውነት ያጣውን ክብደት ለመመለስ ረኀብን እንደሚጨምርና ኃይል ማውጣትን እንደሚቀንስ፣ ስለዚህም መመለሱ የጥረት ጉድለት ብቻ እንዳልሆነ ነገረችኝ።

በ2024 ስለ አዲሶቹ የክብደት መቀነሻ መርፌዎች ጠየቅኳት፤ ሰው ሁሉ ያወራ ስለ ነበር። ዌጎቪ በ2021፣ ዜፕባውንድ በ2023 ለክብደት የተፈቀዱ ሲሆን፣ የሰውነትን ክብደት ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል የመቀነስ ኃይል በጥናት ታይቶባቸዋል። ሲወጡ የተተመነላቸው ዋጋ በወር ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር፤ የእኔ ኢንሹራንስም አልሸፍንም አለ። ሐኪሜ ማቅለሽለሹን፣ ሲቆም ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ እንደሚመለስ፣ በቤተሰብ ውስጥ ሜዱላሪ የተባለው የእንቅርት ካንሰር ካለ እንደማይሰጥ አስረዳችኝ። ለሚያስፈልገው ሰው መድኃኒቱን መውሰድ የሚያሳፍር አይደለም፤ ከፌስቡክና ከቲክቶክ ሻጭ ግን አትግዙ።

ታላቅ እህቴ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው፤ ከዓመታት ጀምሮ የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፣ ክብደቷም ከ90 ኪሎ በላይ ነው። የእርስዋ ነገር የእኔ ተቃራኒ ነው፤ በስንት ቀጠሮ መድኃኒቷ ሲጨመርላት ክብደቷን የጠቀሰላት አልነበረም። በዚህ አልፈርድም። በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በወሊድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በታች የከሱ ነበሩ፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው ግን 8 በመቶ ብቻ፤ የጤና ባለሙያው ዓይን ወደ መክሳቱ ቢያተኩር ምክንያት አለው። ለእህቴ በስልክ አንድ ጥያቄ አጻፍኳት፦ «ዶክተር፣ ክብደቴ ለግፊቴ ምን ያህል አስተዋጽኦ አለው? ከየት ልጀምር?» ጥያቄውን ስታነብለት ሐኪሙ ብዕሩን አስቀምጦ፣ ይህን ለማንሣት ሲያስብ እንዳይከፋት ፈርቶ እንደ ነበር ነገራት። ጨውና ዘይቱ ላይ ተነጋገሩ፤ በየወሩ እየመጣች እንድትመዘንም ተስማሙ።

የእኔ የሚቀጥለው ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ወረቀቴ ላይ ሁለት ነገር ጽፌያለሁ፤ መጀመሪያ ደረጃ ስወርድ የሚያመኝን ቀኝ ጉልበቴን፣ ቀጥሎም የተመለሱትን ሁለት ኪሎ። ከወረቀቱ ራስጌ ደግሞ «ጉልበቱ ለብቻው ይታይ» የሚል አለበት። አስተርጓሚውን ትናንት አስመዝግቤያለሁ።